ታሞ የተገዛው ኦርኪድ

ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንሁ ልንገራችሁ፤ ተናጋሪውን ያላወቀ ሰው የነገሩን ክብደት አይመዝንምና። እኔ በትምህርት ቤት ደጃፍ አልፌ አውቃለሁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ቤተሰቡ ስኳሩን ሲጨርስ እኔ ጋዜጣውን እጨርስ ነበር። እንዲህም ሆኖ ዛሬ በቢቸና ከተማ ማመልከቻ የቸገረው እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ሬዲዮው የተዘጋበት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ በአጥር የተጣላ እኔ ዘንድ ይመጣል። የጎረቤት ላም ምጥ ጠንቶባት የከብት ሐኪም ቢጠራ፣ ሐኪሙ እስኪደርስ ጥጃው በእጄ ተወልዶ፣ ቆሞ፣ ጠብቶ ቆየው። ለሐኪሙ የቀረው ሥራ እኔን ማመስገን ብቻ ነበር፤ እሱንም በቅጡ አልሠራውም።

ወጣቶቹ የማያውቁት ነገር ሲገጥማቸው ስልካቸውን ይጠይቃሉ። እኔ ራሴን እጠይቃለሁ። የኔ መልስ ኔትወርክ ጠፋ አይል፣ ባትሪ አለቀ አይል፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይመጣል። ጎረቤቴና የዕድሜ ባልንጀራዬ መሪጌታ፣ በሰፈራችን ቅኔ የሚያስተምሩት፣ "አንተ የማታውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የማታውቀው ነገር መኖሩን ነው" ይሉኛል። ሊቅ ሰው ናቸው፤ ግን ቅናት ሊቅንም አይምርም።

እንግዲህ ይህን ልክ ይዛችሁ የደረሰብኝን ስሙ።

ባለቤቴ የሻረግ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ኖረች። ሰው የምትለየው በድምፅ፣ ልብስ የምትለየው በመዳሰስ ሆኖ ነበር። ልጃችን ገነት ከምትኖርበት ከሞጣ ደውላ "የዓይን ሐኪሞች መጥተዋል፤ እናቴን አምጧት" አለችን። ወሰድኋት። ሞራው ተገፈፈ። ሐኪሙም "እናቴ፣ አይጎንበሱ፤ ጭስ አይንካዎ፤ አቧራ አይቅረቡ" ብሎ አዘዛት። ሳይጎነበሱ፣ ጭስ ሳይነኩ፣ አቧራ ሳይቀርቡ መኖር በቢቸና ለሴት የተፈቀደ ስላልሆነ፣ እስክትጠነክር ገነት ዘንድ እንድትቆይ ተስማማን።

ልሰናበታት ስቀርብ ዓይኗ ገና በፋሻ እንደታሰረ ነበር።

"ቀለም ካየሁ ስንት ዘመኔ" አለችኝ። "ስመለስም መቼስ የማየው ያንኑ ግድግዳ ነው።"

"የለም" አልሁ። "ስትመለሺ በቢቸና ምድር ማንም ያላየው አበባ ከደጅሽ ቆሞ ይቀበልሻል።"

እንዲህ የሚል አሳብ በልቤ አልነበረም። አፌ ከልቤ ቀድሞ የሚነሳ ሰው ነኝ፤ ልቤ የሚደርሰው አንዳንድ ጊዜ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። የሻረግ ግን ፈገግ አለች። "እርስዎ ካሉማ" አለች። ይቺ "ካሉማ" የምትባል ቃል ስንት ወንድ ገደል ከትታለች።

ከመናኸሪያው አጠገብ አንዲት ልጅ በቀለም ቆርቆሮ የተተከሉ አበቦች ደርድራ ትሸጣለች። ከመካከላቸው አንዱ ረጅም ዘንግ አውጥቶ፣ በዘንጉ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ወይን ጠጅ አበባ ደርድሯል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ይህን ግን ለልጅቱ አልነገርኋትም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ኦርኪድ ነው፣ አባባ። ከባሕር ዳር የመጣ ነው።"

"አያያዙስ?"

"እኔም እንጃ፤ ገና ትናንት ነው የተረከብሁት።"

ቅጠሎቹን አየሁ። የታችኛው ቢጫ ሆኗል፤ ከሱ በላይ ያለው እንደ አሮጊት ዶሮ አንገት ተጨማዷል፤ ሌላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ጤነኛ ተክል ገዝቶ ጤነኛ አድርጎ ማቆየት የማንም ሥራ ነው፤ ታሞ የተገዛን ማዳን ግን ስም ያስጠራል።

"ይህ ታሟል" አልኋት።

"መንገድ ጎድቶት ነው።"

"እንግዲያው በታማሚ ዋጋ ስጪኝ።"

ሰጠችኝ። በዚያች ሰዓት ራሴን የሞጣን ገበያ ያሸነፈ ሰው አድርጌ ነበር የማየው። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር እንደ አራስ ልጅ ከፍ እያደረግሁ ተጓዝሁ። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረ አንድ ጎልማሳ "አባባ፣ ሙሽራ ሊቀበሉ ነው?" አለኝ። "ሙሽራዬ ሞጣ ናት፤ ዓይኗን እየጠበቅሁላት ነው" አልሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ቢቸና አላናገረኝም።

ቤት ገብቼ ቆርቆሮውን ስመረምር ደነገጥሁ። አፈር የለበትም። ልብ በሉ፤ አንዲት ጭብጥ አፈር የለበትም። የተሞላው የእንጨት ቅርፊት ነው። ሥሩ ደግሞ በጎንም በላይም ወጥቶ፣ በመስኮት ሾልኮ እንደተያዘ ሌባ እግር ተንጠልጥሏል። ሳቅሁ። ሞጣዎች አፈር ሰስተው ፍልጥ ላይ ተክለው ሸጡልኝ፤ መታመሙ እንዴት ይገርማል አልሁ።

የቢቸናን ጥቁር አፈር የማያውቅ ካለ ላስተዋውቀው። ጤፉን ተዉት፤ እሱን አገር ያውቀዋል። የመጥረጊያ እጀታ ቢተክሉበት ያቆጠቁጣል። ክረምት ላይ የረገጠውን ጫማ ይበላል፤ ጫማውን ያተረፈ ካልሲውን ይከፍላል። ቅርፊቱን አራግፌ ደፋሁና፣ የተሰበረ እንስራ ታችኛውን ግማሽ በጥቁር አፈርና በበግ ፍግ ሞላሁ። ያን የተንጠለጠለ ሥር ሁሉ እንዳይታይ አድርጌ ቀበርሁት፤ ሥሩን ለአላፊ አግዳሚ እያሳየ የሚቆም ተክል ነውረኛ ነው። ጠዋትና ማታም አጠጣሁት።

ሳምንት ሳይሞላ አበባው መርገፍ ጀመረ። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ ለቀብር እንደሚሄድ ሰው እየተጠራሩ ወደቁ። ዘንጉ ብቻውን ቆመ።

መሪጌታ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሻግረው "አበባው የት ሄደ?" አሉኝ።

"ዐርፏል" አልሁ። "ኃይሉን ወደ ቅጠሉ እየመለሰ ነው።"

"ዐርፏል ካልህማ ነፍሱን ይማረው።"

ማታ የሻረግ ደወለች። ፋሻው ተፈትቶላታል። የገነትን ልጅ መልክ አየሁት አለችኝ፤ ሲወለድ ጀምሮ የምታውቀው በጠረኑና በለቅሶው ብቻ ነበርና እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ሐኪሙ ግን አታልቅሺ ብሏታል።

"አበባውስ?" አለችኝ።

"በርትቷል።"

"ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

"ወይን ጠጅ" አልሁ። ይህን ስል አበባዎቹ ከመሬት ላይ ተለቅመው በሰሃን ላይ ነበሩ።

"ለገነት አማት ነገርኋት። ሳላየው አልቀርም ብላ አብራኝ ልትመጣ ነው።"

የገነት አማት ማለት አንድ ነገር አይታ ዝም ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ቢቸና ያየችውን ሞጣ ትናገራለች፤ ሞጣ የተናገረችው ባሕር ዳር ይደርሳል። 

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያስቸግረኛል፤ ሰው ሲጨንቀው እጁ አያርፍም። መጀመሪያ ተባይ ነው ብዬ አመድ ነሰነስሁበት። ቅጠሉ ግራጫ ሆነ፤ ቢጫው ግን ከአመዱ ሥር እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ጎረቤታችን ወይዘሮ ጠጄ መጣችና ዞር ዞር ብላ አየችው። ጠጄ በሰፈሩ የሚሆነውን ሁሉ የምታውቅ፣ ያልሆነውንም የምትጠረጥር ሴት ናት።

"ይህ በሽታ አይደለም፣ ጋሼ። ዓይን በልቶት ነው" አለች።

"የማን ዓይን?"

"ሚኒባስ ላይ ይዘውት የመጡ ጊዜ ስንት ሰው አይቶታል። ጤና አዳም ያስጠጉለት።"

በቡዳ አላምንም፤ ያነበብሁ ሰው ነኝ። ጤና አዳሙን ግን ከጎኑ ተከልሁ፤ አለማመን አንድ ነገር ነው፣ መጠንቀቅ ሌላ ነገር ነው። ጤና አዳሙ በጥቁሩ አፈር ላይ በሦስት ቀን ፋፋ። ኦርኪዱ ግን ጎረቤቱ ሲወፍር እያየ የባሰ ከሳ።

ከዚያም የተጨማደደውን ቅጠል ትክ ብዬ ሳየው አንድ ብልሃት መጣልኝ። የደረቀ ራስ ቅቤ ሲቀባ አይለሰልስም? ሆዱ የተጣበቀ ልጅ ቅቤ ሲውጥ አይፈታም? ቅጠልስ ከማን ያንሳል አልሁ። ለጋ ቅቤ አቅልጬ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ ፊትና ጀርባቸውን፣ እንደ ሙሽራ ፀጉር ቀባኋቸው። አበሩ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ማታ የዳነ መስሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ድመቷ እንስራው ላይ ወጥታ ቅጠሉን ትልሳለች። መላሱ ባልከፋ፤ ልሳ ስትጨርስ የታችኛውን ቅጠል እንደ ሥጋ ነክሳ ጎተተችው። "ሂጂ" ብዬ ስሮጥ ቅጠሉን በአፏ ይዛ አጥር ዘለለች። መሪጌታ በዚያ በኩል ተማሪዎቻቸውን እያስተማሩ ነበር።

"ይህ የማን ድመት ናት ጎመን የምትበላ?" ሲሉ ሰማኋቸው።

"የኔ ናት" አልሁ በአጥሩ ውስጥ።

"ጾም ያዘች እንዴ?"

ተማሪዎቹ ሳቁ። ያን ያህል ሳቅ በቅኔ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

በዚያ ንዴት ላይ ዩሪያው ትዝ አለኝ። ለማሳዬ የተረፈ ዩሪያ በከረጢት ተቀምጧል። እንኳን አንድ ኦርኪድ ሙሉ ጥማድ ጤፍ ያቆማል። በጭብጤ አፍሼ ዙሪያውን በተንሁለት፤ በላዩም አጠጣሁበት። ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ወረቀት ጠቆረ። ጤና አዳሙም አብሮ ሞተ።

የሻረግ መልሳ ደወለች። ቅዳሜ መምጣቷ ነው።

"ሌሊት ሌሊት ስለሱ አስባለሁ" አለችኝ። "ሌላ የምጓጓለት የለኝ መሰለዎት? አለኝ። ግን እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር ቃል ገብተውልኝ አያውቁም።"

አንባቢዬ፣ ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ለዚህ ግን ራሴን ጠየቅሁ፣ ራሴም ዝም አለ።

ሥራ ሁሉ ሲያልቅብኝ ወደ ጊዮርጊስ ሄድሁ። በቅጥሩ ውስጥ ካለው አሮጌ ወይራ ላይ እጄን ደግፌ ቆምሁና ሰው የሌለ መስሎኝ ድምፄን አውጥቼ ለመንሁ። "ያን ተክል አድንልኝ" አልሁ። ስለት ያለ ስጦታ ባዶ ነው። ጃንጥላ እንዳልል ጃንጥላ አንዴ ተስዬ አግብቻለሁ፤ ጧፍ እንዳልል ጧፍ ለዚህ ጭንቀት አነሰብኝ። እያመነታሁ ሳለ አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ፤ "ካዳንህልኝ ራሱን ተክሉን አምጥቼ አገባልሃለሁ" አለ።

"አሜን" አለ ከኋላዬ ድምፅ።

ጠጄ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

እስኪ ነገሩን አስቡት። ተክሉ ቢሞት የሻረግ ታጣዋለች። ቢድን ጊዮርጊስ ይወስደዋል። እኔ በሁለቱም በኩል ባዶ እጄን ነኝ። ለሰው ሁሉ ውል የምጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ውል በራሴ አፍ ተዋዋልሁ።

እጄ ደንግጦ ወይራውን ሲጨብጥ አንድ የጎማ ገመድ የመሰለ ነገር ዳሰስሁ። በእጄ ወደ ላይ ተከተልሁት። ሌላ ገመድ፣ ከሱ ሌላ፤ ግንዱን እንደ ጣት አቅፈውታል። ከቅርንጫፉ መገንጠያ ላይ ወፈር ያለ ቅጠል ፊቴን ነካኝ። ተቀጽላ ነው፤ በሌላ ዛፍ ላይ የሚኖር ተክል። አፈር የለውም፤ ሥሩ በነፋስ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ግን የኔው ኦርኪድ ቅጠል፣ የጤነኛው ዓይነት። የሥጋ ዘመዱ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ማንም አልነገረኝም፤ ይህን መዝግቡልኝ። ያን የነፋስ ፍጥረት በጥቁር አፈር የቀበርሁት ከነነፍሱ ነው።

ከቅጥሩ ስወጣ መሪጌታን አግኝቼ ስለቱን በጧፍ ልለውጠው እችል እንደሆን ጠየቅኋቸው።

"አፍህ ያሰረውን እጅህ አይፈታውም" አሉኝ። "ከሞተልህ ግን ነፃ ነህ።"

ቤቴ ገብቼ ተክሉን ከጭቃው አወጣሁት። ሥሩ ከመጠን በላይ እንደተቀቀለ መኮረኒ በእጄ ላይ ተንሸራተተ። የበሰበሰውን በምላጭ ቆረጥሁ፣ አጠብሁ፣ ደጄ ላይ ካለው ወይራ ግንድ ላይ አስጠግቼ በአሮጌ ነጠላዬ ቅዳጅ አሰርሁት። የቀረው ሁለት ቅጠልና ሁለት ሥር ነው። ደረቱ የተመታ ወታደር ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ጥቂት ውኃ እረጭለታለሁ፤ ቀርቤ አየዋለሁ፤ ምንም የለም። እንደገና አየዋለሁ፤ ምንም። ዓርብ ማታ ሞቷል ብዬ ቆረጥሁ።

ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ሱቅ ይሄዳል። ወይን ጠጅ የላስቲክ አበባ ገዛሁ። በሽቦ እያያዝሁ በዚያው ዘንግ ላይ ደረደርሁት። ከሩቅ ሲያዩት ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምራል። ይህን ሳደርግ የሻረግን የማስባት እንደ ድሮዋ ነበር፤ ቀርባ በእጇ ካልዳሰሰች የማትለየዋን።

ቅዳሜ ባጃጅ ደጃፌ ቆመ። ገነት ሻንጣ ይዛ ወረደች፤ አማቷ ተከተለች፤ በመጨረሻ የሻረግ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወረደች። ጠጄ ከመቼው እንደመጣች አላውቅም፤ እሷም አለች። የሻረግ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"እርስዎ ታመው ነበር እንዴ?"

"ኧረ ደህና ነኝ።"

"እንግዲያው መቼ ነው እንዲህ ያረጁት?"

"አንቺ ስትታከሚ" አልኋት።

የገነት አማት አበባውን ከሩቅ አየችና "እንዴት ያምራል፣ በጊዮርጊስ" አለች። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። የሻረግ ግን ካለችበት ሳትነቃነቅ፣ "ላስቲክ ነው" አለች።

"ከዚያ ሆነሽ እንዴት አወቅሽ?" አልሁ።

"መጋጠሚያው ይታየኛል።"

የገነት አማት እንኳ ዝም አለች፤ ይህም በዘመኗ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። የሻረግ ወደ ዛፉ ሄደች፤ ላስቲኩን እየነቀለች አንድ በአንድ ለገነት ሰጠቻት።

"ከሞጣ እስከዚህ በመስኮት ያላየሁት ቀለም የለም" አለች፤ አትጮህም፣ አትቆጣም። "አረንጓዴ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስንት ዓይነት ነው። እያየሁ እያየሁ ግን ለዚህ ቦታ ትቼለት ነበር።"

እኔ ላም አዋልጃለሁ። ሬዲዮ ከሞት አስነስቻለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን መሬቱ ቢከፈት ጥቁር አፈርም ቢሆን እገባበት ነበር። ሁሉንም ነገርኋት፤ አፈሩን፣ ቅቤውን፣ ድመቷን፣ ዩሪያውን፣ አንድም ሳይቀር ሁሉንም። "ሞቷል" አልሁ። "አበባሽን ገድዬዋለሁ።"

የሻረግ ነጠላውን ፈታ አድርጋ ጎንበስ አለች። ገነት "እናቴ፣ አትጎንበሺ" አለች፤ አልሰማቻትም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ምኑ?"

"ይቺ። ከሥሩ ጫፍ። የጤፍ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ።"

ገነት አየች። አማቷም አየች። ጠጄ ገፍታ ገብታ አየች፤ አይታም "ድኗል እኮ፤ ስለቱ ደረሰ" አለች።

"የምን ስለት?" አለች የሻረግ።

ጠጄ ነገረቻት። የሻረግ ወደኔ ዞረች። "ለኔ ያሉትን ነው የተሳሉት?"

አንባቢዬ፣ እስካሁን ተክሉ ይዳን ብዬ ያልለመንሁት ቅዱስ፣ ያልሞከርሁት መድኃኒት አልነበረም። አሁን ግን ተነስቼ መሞቱን መከራከር ጀመርሁ። "አልዳነም" አልሁ። "ሥሩ ደርቋል። አረንጓዴ የሚባል ነገር የለበትም። ምንም አይታየኝም።" አፍንጫዬ ግንዱን እስኪነካ ቀረብሁ። እውነቴን ነው፤ ምንም አይታየኝም። ድምፁን ሰምተው መሪጌታም በአጥሩ በኩል መጡ፤ ገና ቆም ሲሉ "ይቻት፤ ለምልማለች" አሉ።

"የታለች?"

"ጣቴ ላይ።"

"ጣትዎ የት ነው?"

መሪጌታ ሳይቀልዱ የቀሩበት ቀን እሱ ነው። የሻረግ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃን መለሰችው፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኔን አየችው። ሐኪሙ እሷን እንዴት እንዳያት እኔ አይቻለሁ፤ ልክ እንደሱ ነው ያየችኝ።

"የእርስዎም ነጭ ሆኗል" አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አምፖሉ ነው የደከመው" አልሁ። ቀኑ ገና እኩለ ቀን ነበር።

ስለቱን ያገባችው እሷ ናት። ተክሉን ከነማሰሪያው ፈትታ፣ በነጠላዋ አቅፋ፣ ከዚያው ከአሮጌው ወይራ ላይ፣ ከዘመዱ ጎን አሰረችው። ወደ ቅጥሩ የገባ አይወጣምና የቤታችን ደጃፍ ዛሬም ባዶ ነው። "አበባ ቢያወጣስ?" ብላ ለራሷ ስትጠይቅ ሰማኋት።

ይህን ሁሉ አንብቦ "ታዲያ ምን ሠራህ?" የሚለኝ ቢኖር፣ የሠራሁት ይኸውላችሁ፦

አንደኛ፣ ኦርኪዱን ከሞጣ ቢቸና ድረስ አንዲት አበባ ሳትረግፍ አድርሻለሁ። የረገፈው ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ የቢቸና ጥቁር አፈር የማያበቅለው አንድ ነገር መኖሩን አረጋግጫለሁ። ከኔ በፊት ይህን የደረሰበት ሰው አልሰማሁም።

ሦስተኛ፣ ቅቤ ለቅጠል እንደማይሆን፣ ዩሪያ ከቅቤ እንደሚብስ አውቄያለሁ። የፈለገ መጥቶ ሊጠይቀኝ ይችላል።

አራተኛ፣ ከአራት ቅጠል ሁለቱን አትርፌያለሁ። የሞተው ጤና አዳም በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

አምስተኛ፣ ሞጣ ለሐኪሞቹ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ደውላ ያስመዘገበችኝ የሻረግ ናት፤ ስሜን ግን በስልኩ የተናገርሁት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር እቆማለሁ። እሷ ቀና ብላ ታያለች፤ እኔ የውኃውን ኮዳ እይዛለሁ። "ምን አየሽ?" እላታለሁ። "ሥሩ ግንዱን ያዘ" ትለኛለች፤ ወይም "ዛሬ ምንም የለም" ትለኛለች።

አምናታለሁ።